በድሮ ፋብሪካ ስም የሚሸጡ አዳዲስ ሽጉጦች፦ ስሙን ልመን ወይስ ብረቱን?

ነሐስ ቀለህ፦

ሰላም ለቤቱ። አሜሪካ ገበያ ላይ የቆዩ ፋብሪካዎችን ስም የያዙ አዳዲስ ሽጉጦች ከዓመት ዓመት እየበዙ ነው። «ኢንግሊስ» የሚል ሃይ ፓወር (የብራውኒንግ 9 ሚሊሜትር ሽጉጥ) አለ፤ «ስፕሪንግፊልድ አርመሪ»፣ «ሮክ አይላንድ» እና «አይቨር ጆንሰን» የሚሉ 1911ዎች (የአሜሪካ ጦር የድሮ .45 ሽጉጥ ንድፍ) አሉ። ስሞቹን የምናውቃቸው ከጦርነት ታሪክ ነው፤ ሽጉጦቹ ግን ገና ከካርቶን የወጡ ናቸው።

ሦስት ነገር ግልጽ ቢሆን ደስ ይለኛል። አንደኛ፣ የዛሬው ስም ከድሮው ፋብሪካ ጋር ምን ዝምድና አለው? ሁለተኛ፣ የድሮው ካዝናና መለዋወጫ ለአዲሱ ይሆናል? ሦስተኛ፣ ሽጉጡን ሻጩ ፊት ይዞ የቆመ ሰው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ምን ምኑን ማየት አለበት? ይበልጥ የምፈልገው የኢንግሊሱን 9 ሚሊሜትር ነው፤ 1911ን የምታውቁም ግን ጻፉ።


የድሮ ማኅተም፦

ከኢንግሊሱ እንጀምር፤ የሌሎቹም ነገር በእሱ ይገባሃል። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እ.ኤ.አ. ነው።

ጆን ኢንግሊስ ካናዳ፣ ቶሮንቶ የነበረ ፋብሪካ ነው። መነሻው ቦይለርና የእንፋሎት ሞተር ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብሬን መትረየስ ሠራ፤ ከ1944 እስከ 1945 ደግሞ ሃይ ፓወርን አመረተ፣ ወደ 150,000 ገደማ። ጦርነቱ ሲያበቃ ፊቱን ወደ ቤት ዕቃ አዞረ፤ ስሙም ለብዙ ዓመት የታወቀው በልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው። ዛሬ «ኢንግሊስ» ተብሎ የሚሸጠው ሽጉጥ የሚሠራው ቱርክ ውስጥ፣ ትራብዞን ባለው የቲሳሽ ፋብሪካ ሲሆን ወደ አሜሪካ የሚያስገባው ኤስ ዲ ኤስ አርምስ ነው። ከቶሮንቶ የመጣ ማሽን የለም፣ ባለሙያ የለም። የመጣው ስሙ ብቻ ነው።

በዚህ ሽጉጥ ላይ ያለውን የሞዴል መጠሪያም ልብ በል። «ኤል 9 ኤ 1» የብሪታኒያ ጦር ለሃይ ፓወር የሰጠው ስም ነው፤ በዚያ ስም ያገለገሉትን ሽጉጦች የሠራቸው ደግሞ ቤልጂየም የሚገኘው ኤፍ ኤን እንጂ ኢንግሊስ አይደለም። ስለዚህ አንድ ብረት ላይ የካናዳ ፋብሪካ ስም፣ የእንግሊዝ ጦር መጠሪያና የቱርክ ሥራ ተገናኝተዋል። ይህ ሽጉጡን መጥፎ አያደርገውም። ቲሳሽ የራሱ ልምድ ያለው ፋብሪካ ነው፤ በቲሳሽነቱ መዝነው፣ በኢንግሊስነቱ አትመዝነው።

የሌሎቹን ባጭሩ፦

ስፕሪንግፊልድ አርመሪ በማሳቹሴትስ የመንግሥት ፋብሪካ ነበር። 1911ን በእርግጥ በ1910ዎቹ ሠርቷል። በ1968 ተዘጋ፤ ግቢው ዛሬ ብሔራዊ የታሪክ ቅርስ ነው። በ1974 ስሙን ያነሳው በኢሊኖይ፣ ጄኔሲዮ ያለ የግል ኩባንያ ነው። ኤክስ ዲ የሚባለው ሽጉጡ የተወለደው ክሮኤሺያ ውስጥ፣ ካርሎቫች በሚገኘው ኤች ኤስ ፕሮዱክት ሲሆን የመጀመሪያ ስሙ ኤች ኤስ 2000 ነበር።

ሮክ አይላንድ አርመሪ ሌላ፣ ሮክ አይላንድ አርሰናል ሌላ። አርሰናሉ እስከ ዛሬ ያለ የአሜሪካ ጦር ተቋም ነው። አርመሪው የፊሊፒንሱ አርምስኮር የንግድ ስም ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አንዲት ቃል ናት የምትለያቸው።

አይቨር ጆንሰን በ1871 በማሳቹሴትስ ተነስቶ በርካሽ ሪቮልቨሮቹ የታወቀ ድርጅት ነበር። ዛሬ በፍሎሪዳ ባለ ሌላ ኩባንያ እጅ ሆኖ ፊሊፒንስ ውስጥ በሚሠሩ 1911ዎች ላይ ተጽፎ ይሸጣል። የድሮው ድርጅት የሚታወቀው እንደ መጽሐፍ በሚከፈቱ ሪቮልቨሮች ነውና የዛሬዎቹ 1911ዎች ከእነዚያ የወረሱት አንድም ነገር የለም።

ሄንሪም ከዚሁ ይመደባል። የ1860ው ሄንሪ ጠመንጃ ከዊንቸስተር ቤት የወጣ ነው፤ የዛሬው ሄንሪ ኩባንያ ግን በ1996 ብሩክሊን ውስጥ የተመሠረተ ነው። ሪቮልቨር መሥራት የጀመረውም በ2023 ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄህ። ትልቁን ጽሑፍ ተወው፣ ትንሹን ፈልግ። ከ1968ቱ ሕግ ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚገባ መሣሪያ ላይ የሠሪው ስም፣ የተሠራበት አገር፣ የአስመጪው ስምና አስመጪው ያለበት ከተማና ግዛት መቀረጽ አለበት፤ መለያ ቁጥሩ ፍሬሙ ላይ ይሆናል። የዛሬው ደንብ የቅርጹ ጥልቀት ከ0.003 ኢንች (0.08 ሚሊሜትር ገደማ) እንዳያንስ፣ የመለያ ቁጥሩ ፊደል ቁመትም ከ1/16 ኢንች (1.6 ሚሊሜትር) እንዳያንስ ያዛል። ይህ ጽሑፍ ደመቅ ብሎ አይታይም። ከምላጩ ፊት ለፊት በፍሬሙ ሆድ በኩል፣ በምላጭ ጠባቂው ቀለበት ላይ፣ ወይም በስላይዱ ቀኝ ጎን ታች ፈልገው። ሽጉጡን ወደ ብርሃን አጋድለህ ስታየው ፊደሉ ጥላ ይጥላል። እዚያ «ትራብዞን» ወይም «ቱርክ» ካነበብክ ስለ ዘሩ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግህም።

አዲሱን እንደ ድሮ አድርጎ የሚሸጥ ሰው ካጋጠመህ የፊደሉን ጠርዝ በጥፍርህ ዳስስ። በጦርነቱ ጊዜ ፊደል የሚታተመው በብረት ማኅተም ተገፍቶ ነበር፤ ብረቱ ወደ ጎን ስለሚሸሽ በፊደሉ ዙሪያ ቀጭን ጉብታ ይተዋል። የሌዘር ጽሑፍ ግን ጉብታ የለውም፤ ጠርዙ ስለታም ነው፣ ወለሉ ጠፍጣፋና የተቃጠለ ግራጫ ይመስላል። የድሮ ሽጉጥ እንደገና ከተወለወለና ከተቀባ ጉብታው ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ግን ጠርዙ ስለታም ሳይሆን ዶልዱሞ ታገኘዋለህ።

የድሮው ኢንግሊስ ሌላም ምልክት አለው። ለቻይና የተሠራው በመለያ ቁጥሩ መሃል «ሲ ኤች»፣ ለካናዳ የተሠራው «ቲ» የሚል ፊደል ይዟል። ለቻይና የተዘጋጀው የኋላ ማነጣጠሪያው እስከ 500 ሜትር የሚስተካከል መሰላል ነው፤ እጀታው ጀርባ ላይም የእንጨት ማኅደሩን እንደ ሰደፍ የሚይዝ ቦይ ተቆርጦለታል። ተራው ሞዴል ቦዩም መሰላሉም የለውም።


ሞላና መርፌ፦

የድሮ ማኅተም ታሪኩን ጨርሶታል፤ እኔ ወደ ብረቱ ልግባ።

መለዋወጫ የሚከተለው ንድፉን ነው፤ ስሙን አይከተልም። ሃይ ፓወርን ጆን ብራውኒንግ ጀመረው፤ በ1926 ሲሞት ሥራውን ዲዩዶኔ ሴይቭ ጨረሰው፤ ቤልጂየም በ1935 ታጠቀችው። ኤፍ ኤን ማምረቱን እስካቆመበት ጊዜ ድረስ መሠረቱ አልተለወጠም። ዛሬ የሚሸጡት ግን ሁለት ጎራ ናቸው።

አንደኛው ጎራ የድሮውን ንድፍ የተከተለ ነው፤ በ2021 የወጣው የስፕሪንግፊልዱ ኤስ ኤ 35፣ የቱርኩ ጊርሳን ኤም ሲ ፒ 35 እና አሁን የምናወራበት ኢንግሊስ። እነዚህ የድሮውን ካዝና ይቀበላሉ። የመጀመሪያው ካዝና 13 ጥይት ይይዛል፤ ሜክ ጋር የተባለ ፋብሪካ የሚሠራው የዛሬው ካዝና በዚያው ቁመት 15 ያስገባል፤ ለድሮውም ለአዲሱም ይሆናል።

ሁለተኛው ጎራ ራሱ ኤፍ ኤን በ2022 ያወጣው «ሃይ ፓወር» ነው። ትልቁ ትምህርት እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ፤ ስሙን በሕጋዊ መንገድ የያዘው፣ የድሮውንም የሠራው ያው ድርጅት ሆኖ ሳለ አዲሱ ሽጉጡ የድሮውን ካዝና አይቀበልም፤ መለዋወጫም አይጋራም። ካዝናው 17 ጥይት የሚይዝ ሰፋ ያለ ነው፤ ውስጡም አዲስ ንድፍ ነው። ያገሬው ስም ያለው ከድሮው ጋር አይገጥምም፣ እንግዳ ስም ያለው ይገጥማል።

ይገጥማል ስንል ግን ሁሉም እኩል አይደለም። ካዝና፣ የእጀታ ልባስና ሞላ ያለ ሥራ የሚገቡ ናቸው። የመመለሻ ሞላው ለመደበኛ 9 ሚሊሜትር 17 ፓውንድ (7.7 ኪሎ ገደማ) ነው፤ ከ3,000 እስከ 5,000 ተኩስ ባለው ጊዜ ቀይረው። ከዚያ ካለፈ ስላይዱ ፍሬሙን በኃይል ይመታዋል፤ ጉዳቱ ቀስ ብሎ ነው የሚታየው። ሴፍቲ፣ መዶሻና የመዶሻ መያዣ ጥርስ ግን ሁልጊዜ በእጅ ይገጠማሉ። የሴፍቲው የውስጥ ጉብታ ጥርሷን አጥብቆ ካልያዘ ሴፍቲው ወደ ላይ ቢወጣም መዶሻው ሊወድቅ ይችላል። የሚሞረደው ሴፍቲው ነው፤ ጥርሷ አትነካም። እሷ ላይ ሞረድ የሚያሳርፍ ጠጋኝ ካየህ ሽጉጥህን ይዘህ ውጣ።

ቀለህ ጎታቹን ደግሞ ተጠንቀቅ። እስከ 1962 የኤፍ ኤን ሃይ ፓወር ጎታች በስላይዱ ውስጥ የተደበቀ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በውጭ የሚታየው መጣ። በጦርነቱ ጊዜ የተሠራው ኢንግሊስም የውስጡን ነው የሚጠቀመው። ስለዚህ «የኢንግሊስ ጎታች» ተብሎ ከቆየ ዕቃ ሳጥን የተገኘውን ለአዲሱ «ኢንግሊስ» አዝዞ መጠበቅ ድካም ብቻ ነው፤ ስሙ አንድ ሆኖ ብረቱ ሁለት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

መልክም ያታልላል። የሃንጋሪው ኤፍ ኢ ጂ ፒ 9 አር ከውጭ ሲያዩት ሃይ ፓወር ነው የሚመስለው፤ ውስጡ ግን የስሚዝ ኤንድ ዌሰን 59 ዘመድ ነው። ያው ሽጉጥ «ማውዘር 90 ዲ ኤ» ተብሎም ተሸጧል። ማውዘር ብሎ የጀርመን ዕቃ የሚፈልግም፣ መልኩን አይቶ የሃይ ፓወር መለዋወጫ የሚያዝም ሁለቱም ይስታሉ።

አሁን ፍተሻው። ካዝናውን አውጣ፣ ስላይዱን ወደ ኋላ ስበህ መጉረሻው ባዶ መሆኑን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። ከዚያ በኋላ ብቻ፦

ስላይዱን ወደ ኋላ ስበህ ሴፍቲውን በፊተኛው ቦይ ወደ ላይ አስገባው፤ ስላይዱ እዚያ መቆም አለበት። የስላይድ ማቆሚያውን ዘንግ ከቀኝ በኩል በጣትህ ግፋ፤ በግራ ትወጣለች። እዚህ ጋ በቅርብ እይ፤ የመመለሻ ሞላው መሪ ዘንግ ራስ ላይ በትንሽ ሞላ የምትገፋ ኳስ አለች፣ ማቆሚያውን ነክሳ የምትይዘው እሷ ናት። ኳሷ ገብታ የቀረች ወይም ደረቅ ከሆነች ማቆሚያው በተኩስ ጊዜ ይላላል። በጥፍርህ ስትጫናት ገብታ መመለስ አለባት። ከዚያ ስላይዱን ይዘህ ሴፍቲውን አውርድና ወደ ፊት አውጣው።

በርሜሉን ገልብጠህ ጥይቱ ወደ መጉረሻው የሚወጣበትን መወጣጫ ተመልከት። በቆዩት ላይ መወጣጫው መሃሉ ላይ ጎበጥ ያለ ነው፤ ክብ አፍንጫ ላለው የጦር ጥይት ነው የተሠራው፤ አፉ ክፍት የሆነ ጥይት እዚያ ጉብታ ላይ ይነቀፋል። ከ1970ዎቹ ወዲህ ቀጥ ተደርጓል። አዲስ ሽጉጥ ስትገዛ መወጣጫው ቀጥ ያለና የተወለወለ መሆኑን እይ፤ የመቁረጫ ጭረት በአግድም ከተሰለፈበት እሱን ተወውና ሌላ እንዲያወጡልህ ጠይቅ።


ሚክሮሜትር፦

1911ን በተመለከተ። ንድፉ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ስለሆነ ስም ሻጩ ሁሉ የሚሮጠው ወደ እሱ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንኳ 1911 ኤ 1ን ከሠሩት አንዱ ሬሚንግተን ራንድ የጽሕፈት መኪና ድርጅት ነበር እንጂ ጠመንጃ ሠሪው ሬሚንግተን አልነበረም። ሲንገር የስፌት መኪናም 500 ሠርቷል። ስለዚህ የስምና የብረት መለያየት ለ1911 አዲስ ነገር አይደለም።

መጀመሪያ ማወቅ ያለብህ የመርፌ መቆለፊያ አለው ወይስ የለውም የሚለውን ነው። ኮልት በ1983 ያመጣው «ሴሪስ 80» በስላይዱ ውስጥ መርፌዋን የሚያግድ ትንሽ ዘንግ አለው፤ ምላጩ ሲሳብ በፍሬሙ ውስጥ ያሉ ሁለት ማንሻዎች ዘንጉን ያነሱታል። የሴሪስ 80 ስላይድ መቆለፊያው በሌለው በቀድሞው በሴሪስ 70 ፍሬም ላይ ከጫንክ ዘንጉን የሚያነሳው የለም፤ መዶሻው ይወድቃል፣ ጥይቱ አይፈነዳም። በተቃራኒው የሴሪስ 70 ስላይድ በሴሪስ 80 ፍሬም ላይ ማንሻዎቹ ወጥተው በቦታቸው ማሟያ ከገባ ይሠራል። ከተለያዩ ስሞች ክፍል እየለቀሙ የሚገጣጥሙ ሰዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ለመለየት ስላይዱን አውጥተህ ገልብጠው፤ ከመርፌው ቀዳዳ ፊት፣ በስላይዱ ሆድ በኩል ክብ የዘንግ ራስ ካየህ ሴሪስ 80 ነው።

የመርፌዋን ውፍረትም አትርሳ። በአንዳንድ .45 ላይ ሠሪው የ9 ሚሊሜትሩን ቀጭን ጫፍ ይጠቀማል። የቀዳዳውን ልክ ሳትለካ መርፌ አትዘዝ።

ሻጩ ፊት የምትሠራው ይሄ ነው፤ መጉረሻው ባዶ መሆኑን ካረጋገጥክ በኋላ፣ ሻጩንም ካስፈቀድክ በኋላ።

መዶሻውን ወጥር፣ የጣት ሴፍቲውን ወደ ላይ አድርግ፣ ምላጩን ጠንከር አድርገህ ሳብና ልቀቅ። ሴፍቲውን አውርድ። አሁን ሽጉጡን ወደ ጆሮህ አስጠግተህ መዶሻውን በአውራ ጣትህ በጥቂቱ ወደ ኋላ ሳበው። «ጢቅ» የሚል ድምፅ ከሰማህ ምላጩን ስትስብ ጥርሷ ተንቀሳቅሳ ነበር ማለት ነው፤ ሴፍቲው በደንብ አልያዛትም። መዶሻው አልወደቀም ብለህ አትርካ።

የእጀታ ሴፍቲውን ሳትጫን ምላጩን ሳብ፤ መዶሻው መውደቅ የለበትም። ስላይዱን 6 ሚሊሜትር ያህል ወደ ኋላ ስበህ ይዘህ ምላጩን ሳብ፤ አሁንም መውደቅ የለበትም። ይሄ ምላጩን ከመዶሻው የምታላቅቀው የማለያያዋ ፈተና ነው፤ ካልተሳካ ሽጉጡ ስላይዱ ሳይቆለፍ ሊተኩስ ይችላል።

ስላይዱን በባዶ መጉረሻ ላይ ለቀህ አታጋጨው። ጥይት እየገፋ ሲሄድ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ በባዶ ሲሄድ ሙሉ ኃይሉ የሚያርፈው በጥርሷ ጫፍ ላይ ነው። የራስህ ሲሆንም፣ የሰው ሲሆንም በእጅህ ይዘህ መልሰው።

በርሜሉን በፍሬሙ ላይ ወደ ታችና ወደ ኋላ ተጭነህ በፍሬሙ መወጣጫና በበርሜሉ መወጣጫ መካከል ያለውን እይ። 0.8 ሚሊሜትር (1/32 ኢንች) ያህል ክፍተት መኖር አለበት። የበርሜሉ ጠርዝ ከፍሬሙ አልፎ ወደ ኋላ ከወጣ ጥይቱ አፍንጫው እዚያ ይደናቀፋል። ርካሽ የሆነውም ውድ የሆነውም ስም ላይ ይህ ጥፋት ይገኛል፤ ሥራው የሠሪው ማሽን ትክክለኛነት ነው።

ጎታቹን በማስመሰያ ጥይት ፈትን፤ እውነተኛ ጥይት አትጠቀም። ስላይዱን ከበርሜሉ ለይተህ ማስመሰያውን በጎታቹ ስር አስገባ። ቀስ ብለህ ስታወዛውዘው መያዝ አለበት፣ ጠንከር አድርገህ ስትነቀንቀው መውደቅ አለበት። ምንም ሳይይዝ ከወደቀ ቀለህ ይጣበቅብሃል፤ ነክሶ አልለቅ ካለም ጥይቱ ስላይዱ ፊት ላይ ወደ ላይ ሊወጣ ስለማይችል አልጎርስም ይላል።

መጨረሻ በግራ በኩል በሴፍቲውና በስላይድ ማቆሚያው መካከል ያለችውን ትንሽ ቱቦ በጥፍርህ ለማነቃነቅ ሞክር። ከፍሬሙ ጋር ተቀጥቅጣ የተያያዘች ናት። ከላላች ሴፍቲው ሳይታሰብ ሊቆለፍ ይችላል።


ነሐስ ቀለህ፦

እጅግ አመሰግናለሁ፤ ለኢንግሊሱ የፈለግሁትን አግኝቻለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር። የድሮ ሃይ ፓወር ካዝናው ሲወጣ ምላጩ ቢሳብም መዶሻው አይወድቅም፤ የአዲሱ ግን ይወድቃል ይባላል። ይህ ብልሽት ነው ወይስ ንድፍ? ደግሞም የጀርመኑን ትንሽ ሽጉጥ ዋልተር ፒ ፒ ኬን ከየትኛው ጎራ ልመድበው? እሱም እንደ ኢንግሊሱ ስም ብቻ የተገዛ ነው?


ሞላና መርፌ፦

ንድፍ ነው። በምላጩ ውስጥ ካዝናውን የምትነካ ትንሽ ዘንግ አለች፤ ካዝናው ሲወጣ ምላጩን ከመዶሻው ሥራ ታለያየዋለች። ስለዚህ የድሮውን ስትፈትን ባዶ ካዝና አስገብተህ ፈትን፤ ካዝና ሳይኖር «መዶሻው አይወድቅም» ብሎ ሽጉጡን የተበላሸ የሚል ሰው ብዙ ነው። የዘንጓ ዋጋ በሁለት ነገር ይከፈላል፦ ካዝናው ላይ ስለምትሻሽ ምላጩ ሻካራ ይሆናል፤ ካዝናውም ቁልፉ ሲጫን በራሱ ክብደት አይወድቅም። ኤስ ኤ 35 እና የኤፍ ኤኑ የ2022 ሽጉጥ ያለ እሷ ነው የወጡት።

ከዚህ የሚመጣ አደጋ አለ። የድሮውን የለመደ እጅ «ካዝናው ወጥቷል፣ አይተኩስም» ብሎ ያምናል። እንደነዚህ ባሉት አዲሶች ላይ መጉረሻ ውስጥ የቀረ ጥይት ካዝናው ወጥቶም ይተኩሳል። ሁለቱን አይነት በአንድ ቤት የሚያኖር ሰው ለሁለቱም አንድ ልማድ ይኑረው፦ ካዝናውን ማውጣት፣ ስላይዱን መሳብ፣ መጉረሻውን በጣት መዳሰስ።


የድሮ ማኅተም፦

ዋልተር ከኢንግሊስ ይለያል። ካርል ዋልተር ፋብሪካውን ያቆመው በ1886 በዜላ ሜሊስ ነው። በ1945 ግቢው ጠፋ፤ ቤተሰቡ ግን ንድፎቹን ይዞ ወጥቶ በ1953 ኡልም ላይ እንደገና ከፈተ። ስሙም ንድፉም አንድ ቤት ውስጥ ቆዩ። በ1993 ኡማሬክስ ገዛው። ስለዚህ ከጦርነቱ በኋላ «ኡልም» የሚል ፒ ፒ ኬ የኡልም ሥራ ነው።

ፒ ፒ ኬ/ኤስ የሚባለውም የሚያደናግር ነው፤ የ1968ቱ ሕግ ፒ ፒ ኬን ቁመቱ አጭር ነው ብሎ ወደ አሜሪካ እንዳይገባ ስለከለከለው የረዥሙን የፒ ፒ ፍሬም ከፒ ፒ ኬ ስላይድ ጋር አጋብተው የሠሩት ነው። የሁለቱ ካዝና ቁመቱ አንድ አይደለም።


ሚክሮሜትር፦

የድሮ ማኅተም ወንድሜ፣ አንዱን ላርመው። «ኡልም» የሚል ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1986 የፒ ፒ እና የፒ ፒ ኬ ክፍሎች የተሠሩት ፈረንሳይ፣ ሙሉዝ በነበረው ማኑሪን ነው። «ኡልም» የሚሉት ጀርመን ደርሰው የተጠናቀቁትና የተፈተሹት ናቸው። የዋልተር ቤት ቀጣይነት ስላለው ነገርህ አይፈርስም፤ የብረቱ ቦታ ግን ይለያል።

የጀርመን ፍተሻ ማኅተምን ማንበብ ይጠቅማል። የኡልም የፍተሻ ቤት ምልክት የአጋዘን ቀንድ ነው። አጠገቡ ሁለት የላቲን ፊደል ካየህ ዓመቱ ነው፤ ኤ 0፣ ቢ 1፣ ሲ 2፣ ዲ 3፣ ኢ 4፣ ኤፍ 5፣ ጂ 6፣ ኤች 7፣ አይ 8፣ ኬ 9፤ ጄ ይዘለላል። «አይ ቢ» ካለ 1981 ነው።

ፒ ፒ ኬ አሜሪካ ውስጥም ተሠርቷል። ከ1978 ጀምሮ በኢንተርአርምስ በኩል አላባማ፣ ከ2002 ጀምሮ በስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሜይን፣ በኋላ ደግሞ ራሱ ዋልተር በአርካንሳ፣ ፎርት ስሚዝ። የሜይኑ ሥራ ከእጁ በላይ ያለው የፍሬም ጅራት ከድሮዎቹ ረዘም ያለ ነው፤ የድሮዎቹ የእጀታ ልባስ በትክክል አይቀመጥበትም።

ያገለገለ የምትገዛ ከሆነ ይህን ጠይቅ፦ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ከማርች 2002 እስከ ፌብሩዋሪ 2009 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የሠራቸውን ፒ ፒ ኬ እና ፒ ፒ ኬ/ኤስ ለእርማት ጠርቷል። ምክንያቱ መጉረሻው ጥይት ይዞ መዶሻው ሲወርድ ምላጩ ሳይነካ ሊተኩስ መቻሉ ነው። የሽጉጡን መለያ ቁጥር ይዘህ ወደ ሠሪው ደውል፤ እርማቱ መደረጉን ሳታረጋግጥ ጥይት ጭነህ መዶሻውን በማውረጃው አታውርድ።


ሞላና መርፌ፦

ሚክሮሜትር ልክ ነው። ነሐስ ቀለህ፣ ኢንግሊሱን ከወሰድክ አንድ ነገር አሁኑኑ አድርግ፦ ሽጉጡ በገበያ ላይ እያለ አንድ ቀለህ ጎታች፣ አንድ የመርፌ ሞላ፣ አንድ መርፌ፣ ሁለት የመመለሻ ሞላና አንድ የስላይድ ማቆሚያ ከአስመጪው እዘዝ። ዋስትናህ ያለው ከአስመጪው ጋር ነው፤ ስሙ ወደ ሌላ እጅ ቢያልፍ ሞላው ከየትም ይገኛል፣ ጎታቹ ግን አይገኝም። ሲደርስህ ጎታቹን ወዲያው ሽጉጡ ላይ አስገብተህ በማስመሰያ ጥይት ፈትነው፣ ከዚያ ቀብተህ አስቀምጠው። ሳይሞከር መሳቢያ ውስጥ የኖረ ጎታች በሚያስፈልግበት ቀን ልኩ የማይሆን ሆኖ ሊገኝ ይችላል።